ከማስቲካ ጋር የመጣ ካርድ

የሆኪ ካርድ ሲጀመር ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1911 በዘለቀው የውድድር ዘመን በካናዳ ከሲጋራ ጋር የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ሥዕል ያለባቸው ትንንሽ ካርዶች መውጣት ጀመሩ። ካርዶቹ 36 ነበሩ፤ ሁሉንም ማግኘት የፈለገ ያንኑ ሲጋራ ደጋግሞ ከመግዛት ሌላ አማራጭ አልነበረውም። በማግስቱ ዓመት 45 ካርዶች ያሉት ሌላ ስብስብ ወጣ። የሞንትሪያሉ ግብ ጠባቂ የዦርዥ ቬዚና የመጀመሪያ ካርድ የሚገኘው በዚህኛው ውስጥ ነው። ቀጥሎ 50 ካርዶች ታተሙ፤ ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣና ነገሩ ተቋረጠ።

ካርዱን ከአጫሾች ኪስ አውጥቶ ለልጆች ያደረሰው ጣፋጭ ነው። በ1920ዎቹ በኦንታሪዮ የብራንትፎርድ ከተማ የሚገኘው የዊልያም ፓተርሰን ጣፋጭ ፋብሪካ 40 ካርዶች አወጣ። ሜፕል ክሪስፔት የተባለው ጣፋጭ ደግሞ 30 ካርዶች ይዞ መጣ፤ ሠላሳውንም አሟልቶ ለሚመልስ ልጅ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ እንደሚሰጥ ቃል ተገባ። ሆኖም ቁጥር 15፣ የስፕራግ ክለግሆርን ካርድ፣ የታተመው እጅግ በጥቂቱ ነበር። ጫማውን ተስፋ አድርገው ሳንቲማቸውን ለጣፋጭ ያዋሉ ልጆች 29ኙን ይዘው እዚያው ይቀሩ ነበር። ካርዱ ዛሬ ከብርቅዬዎቹ አንዱ ነው፤ ብርቅ ያደረገው ግን በሕፃናት ላይ የተፈጸመ በደል መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

ከዚህ እጅግ የተሻለ አሠራር የታየው በ1934፣ የኢኮኖሚው ድቀት ገና ሳይለቅ ነበር። በፖርት ክሬዲት የሚገኘው የሴንት ሎውረንስ ስታርች ኩባንያ የቢ ሃይቭ የበቆሎ ሽሮፕ ምልክት ቆርጦ በፖስታ ለላከ ሰው የመረጠውን ተጫዋች ፎቶግራፍ ይልክለት ነበር። ሽሮፑ ቤተሰብ ለምግቡ የሚገዛው ነገር ስለሆነ የልጁን ሳንቲም አይነካም፤ ልጁም የሚወደውን ተጫዋች መርጦ እንጂ ዕድሉን ሞክሮ አያገኝም። አሠራሩ እስከ 1967 ዘለቀ። እነዚህ ፎቶግራፎች ዛሬም አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ሰብሳቢ መልካም መነሻ ናቸው።

በ1911 በኦንታሪዮዋ ለንደን የተቋቋመው ኦ ፒ ቺ የተባለ የማስቲካ ፋብሪካ ከ1933 ጀምሮ የሆኪ ካርድ አወጣ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግን ይህንንም አስቆመው። ካርዱ በስፋት የተመለሰው በ1951 ነው። ፓርክኸርስት ያን ዓመት ካወጣቸው 105 ካርዶች መካከል የጎርዲ ሃውና የሞሪስ ሪሻር የመጀመሪያ ካርዶች ይገኛሉ። በ1954 የአሜሪካው ቶፕስ በ60 ካርዶች ገበያውን ተቀላቀለ፤ ያካተተው ግን አራቱን የአሜሪካ ቡድኖች ብቻ ነበር።

ልጆቹ ካርዱን ለነገ ብለው አላስቀመጡትም። ወደ ግድግዳ እየወረወሩ የቀረበው ይወስዳል በሚል ሕግ ይጫወቱበት ነበር፤ በላስቲክ አስረው ኪሳቸው ይከቱታል፤ እንዲጮህላቸው በብስክሌት ጎማ ሽቦ መካከል ይሰኩታል። የስም ዝርዝር ባለበት ካርድ ላይም ያገኙትን በእርሳስ ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ ዘመን ንጹሕ ካርድ እምብዛም የማይገኘውና የተገኘውም ዋጋው የሚንረው በዚህ የተነሳ ነው።

ሰብሳቢዎች እነዚህን ካርዶች የሚጠሩባቸው መለያዎች ጀፈርሰን በርዲክ ከተባለ አሜሪካዊ የተወረሱ ናቸው። በርዲክ በሲራክዩስ ከተማ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ደመወዙ ትንሽ፣ መገጣጠሚያው በሕመም የተያዘ ሰው። በ1939 ባሳተመው ካታሎግ በጀመረው አመዳደብ የካናዳ የትምባሆ ካርዶች በ“ሲ”፣ የማስቲካና የጣፋጭ ካርዶች በ“ቪ” ፊደል ይታወቃሉ። ያሰባሰባቸውን ከ300,000 በላይ ካርዶችና የታተሙ ወረቀቶች ለኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሰጠ፤ በአልበም ላይ የመለጠፉን ሥራ ራሱ ጨርሶ በ1963 ዐረፈ። በዚህ መስክ ከበርዲክ በላይ የሠራ አይገኝም፤ የሠራውም በሠራተኛ ደመወዝ ነው።

የዋጋው ታሪክ በኋላ ተለወጠ። ኦ ፒ ቺ በ1979 ካወጣቸው 396 ካርዶች 18ኛው የብራንትፎርዱ ልጅ የዌይን ግሬትስኪ የመጀመሪያ ካርድ ነው። ሰማያዊ ጠርዙ ትንሽ ሲነካ ስለሚነጭ ሳይጎዳ የቆየው ጥቂት ነው። ከ1991 ወዲህ ፒ ኤስ ኤ የተባለው ድርጅት የካርዶችን ይዞታ እየመረመረ እስከ 10 ነጥብ ይሰጣል፤ በ2021 ባለ 10 ነጥቡ የግሬትስኪ ካርድ በ3.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በአንጻሩ በ1990 አዳዲስ አሳታሚዎች ወደ ሆኪ ገብተው ካርድ ከመጠን በላይ ስለታተመ የዚያ ዘመን ካርዶች አብዛኞቹ እስካሁን የሚፈልጋቸው የለም።

ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰብሳቢ የሚገባው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ማዕዘኑ የተላላጠ፣ መሐሉ የታጠፈ የ1950ዎቹ ካርድ ከንጹሑ በብዙ እጥፍ ይረክሳል፤ ዝናቸው መካከለኛ የሆነ ተጫዋቾች ካርድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የ1970ዎቹን ስብስብ አንድ በአንድ መሙላትም ይቻላል። ግሬትስኪን የሚፈልግ የዚያኑ ዓመት የቶፕስ እትም በተሻለ ዋጋ ያገኛል፤ ሐሰተኛ ቅጂ ስለሚበዛ ግን ከታማኝ ሻጭ መግዛት አለበት። መታጠፍና መላላጥ የአገልግሎት ምልክት ስለሆኑ ዋጋ ከመቀነስ በቀር ነውር የላቸውም። አዲስ እንዲመስል ጠርዙ በምላጭ የተከረከመ ካርድ ግን ሌላ ነው፤ ከሌላ የዚያው ስብስብ ካርድ ጋር ደርቦ መጠኑን በማነጻጸር ይለያል።