የፍራንክሊን 11 መስተዋቶች

ኮንደንሰር፣ ወይም ዛሬ ብዙዎች እንደሚሉት ካፓሲተር፣ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያ ነው። የመጀመሪያው ግን ተራ ጠርሙስ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ እንጽፋለን) በ1745ና በ1746 ዓ.ም. ፎን ክላይስት በፖሜራንያ፣ ቫን ሙሸንብሩክም በሆላንድ በላይደን ከተማ፣ እየብቻቸው አገኙት። ጠርሙሱም አስደንጋጭ ምት ነበረው።

አንዱ እንዲህ ከመታ፣ ብዙዎቹ ቢያያዙስ? ፊላደልፊያ ይኖር የነበረው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ስለዚህ ነገር በ1749 ዓ.ም. ለሎንዶኑ ፒተር ኮሊንሰን ጻፈለት። 11 ትልልቅ የመስኮት መስተዋቶች ወስዶ በየገጻቸው ስስ እርሳስ ለጠፈባቸው፤ ስሙንም «ባትሪ» አለው፤ ቃሉ በረድፍ ለተጠመዱ መድፎች የሚነገር ነው። ዛሬ ባትሪ ድንጋይ ስንል የምንጠራው ይህንኑ ስም ነው።

ብልሃቱ እንዲህ ነበር። በሚሞሉበት ጊዜ የአንደኛው መስተዋት ጀርባ ከሁለተኛው ፊት፣ የሁለተኛው ጀርባ ከሦስተኛው ፊት እየተያያዘ በተከታታይ ይቀጠላል። ከአንዱ ጀርባ የሚወጣው ለሚቀጥለው ፊት ስለሚደርስ፣ በአንዱ ድካም 11ዱም ይሞላሉ ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ፊቶቹን ሁሉ በአንድ ሽቦ፣ ጀርባዎቹን ሁሉ በሌላ ሽቦ አገናኝቶ የሁሉንም ኃይል ባንድ ጊዜ መልቀቅ ነው።

ነገሩ እንዳሰበው አልሆነም። አሞላሉ የተመኙትን ያህል እንዳልቀለላቸውና በመሣሪያውም እምብዛም እንዳልተጠቀሙበት ራሱ ጽፏል፤ ይህን አለመደበቁን እናደንቃለን።

ምክንያቱ ምንድን ነው? በተከታታይ ሲቀጠሉ የማሽኑ ቮልት ለ11 ይካፈላል። እያንዳንዱ መስተዋት ብቻውን ቢሆን ከሚይዘው የ11ኛውን እጅ ብቻ ይይዛል፤ 11ዱን ብንደምራቸው እንግዲህ የአንድ መስተዋት ያህል ሆነ! ጎን ለጎን ቢያያዙ ግን እያንዳንዱ ሙሉውን ቮልት ስለሚያገኝ 11 እጥፍ ይይዛሉ፤ መንኰራኩር የሚያዞረው ሰውም የዚያኑ ያህል ይደክማል። በክፍል የምንማረው ሒሳብም ይኸው ነው፤ 6 ማይክሮፋራድ የሆኑ ሁለት ኮንደንሰሮች ጎን ለጎን 12፣ በተከታታይ 3 ይሆናሉ። ከሬዚስተር ሕግ ተቃራኒ ስለሆነ በፈተና ብዙ ተማሪ ያሳስታል።

ይሁን እንጂ በተከታታይ መቀጠል ከንቱ አይደለም። በ1924 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኤርዊን ማርክስ የፍራንክሊንን ሥርዓት ገለበጠው፤ ኮንደንሰሮቹን ጎን ለጎን ሞልቶ በተከታታይ ለቀቃቸው። ያን ጊዜ ቮልታቸው ይደመራል፤ በ100,000 ቮልት የሞሉ 10 ኮንደንሰሮች ወደ 1,000,000 ቮልት ይጠጋሉ። የኤሌክትሪክ መስመር ኢንሱሌተሮች መብረቅን ይችሉ እንደ ሆነ እስከ ዛሬ የሚፈተኑት በዚህ መሣሪያ ነው።