ከበሮና ሰብዉፈር
በራዲዮ የተነገረ



ዛሬ የምናወሳው የወፍራምን ድምፅ ታሪክ ነው። በራሱ የኤሌክትሪክ ኃይል የሚሠራውና ሰብዉፈር የተባለው የወፍራም ድምፅ ሣጥን በብዙ ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቦታ ይዟል። መሣሪያው ከውጭ አገር የመጣ ነው። ወፍራሙን ድምፅ ከቀጭኑ ለይቶ፣ ለየራሱ መሣሪያ ሰጥቶ፣ መልሶ ማስማማት ግን ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ወደ መሣሪያው ከመድረሳችን በፊት ወደ ላስታ እንሻገር።

በጥንት ስሟ ሮሐ የተባለችው ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ምድር ላይ ትገኛለች። ከአለት የተፈለፈሉት 11ዱ አብያተ ክርስቲያናቷ፣ በ12ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ በነገሠው በዛግዌው ንጉሥ በቅዱስ ላሊበላ ስም ይጠራሉ፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በልደት በዓል ጧት በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲወረብ፣ ካህናቱ ከፊላቸው ግቢውን በከበበው የአለት ጫፍ ላይ፣ ከፊላቸው ከታች በግቢው ውስጥ ሆነው እየተቀባበሉ ያመሰግናሉ። በዚያች ሰዓት የሰው ድምፅ፣ ጸናጽልና ከበሮ አንድ ላይ ይሰማሉ፤ ሆኖም አንዱ ሌላውን አይውጠውም።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከበሮ ከተቦረቦረ ግንድ ይሠራል፤ ሁለት አፉም በቆዳ ይወጠራል። አንደኛው አፍ ሰፊ፣ ሁለተኛው ጠባብ ነው። ሰፊው ቆዳ ቀስ ብሎ ስለሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ፣ ጠባቡ ፈጥኖ ስለሚርገበገብ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የአገልግሎቱ ሥርዓት ነው። በቅዱስ ያሬድ ዜማ አስቀድሞ ቁም ዜማ ያለ አንዳች መሣሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቀጥሎ ዝማሜው በመቋሚያ ይመራል፤ ከበሮው በመረግድና በጽፋት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከበሮ እንግዲህ የጸናውን ቃል ይሸከማል እንጂ ቃሉን አይቀድምም።

አሁን ወደ መሣሪያው ታሪክ እንመለስ። ዛሬ በየቤቱ ያለው ስፒከር መሠረቱ የተጣለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1925 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ዓመት ራይስና ኬሎግ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን መሐንዲሶች በማግኔት መካከል በሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል የሚሠራውን ስፒከር ጥናት አሳተሙ። ችግሩ ግን ወፍራም ድምፅ ብዙ አየር መግፋት የሚሻ መሆኑ ነበር። በአንድ ሴኮንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የአንዲት ሞገዱ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ ትንሽ ስፒከር ይህን በበቂ ኃይል ሊያወጣው አይችልም። በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የተባለ አሜሪካዊ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለውን አየር እንደ መለጠጫ በመጠቀም፣ አነስተኛ ሣጥን ጥሩ ወፍራም ድምፅ እንዲያወጣ አደረገ። በ1974 «የምድር መንቀጥቀጥ» የተባለው ፊልም ሲታይ ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ የተመደቡ ታላላቅ ስፒከሮች ሲኒማ ቤት ገቡ። ከዚያም የራሱ አምፕሊፋየር ያለው ሣጥን ወደ መኖሪያ ቤት ወረደ።

ታዲያ ይህን ሣጥን ከነባሮቹ ስፒከሮች ጋር የድምፁ ጥራት ሳይጐድል እንዴት ማገናኘት ይቻላል? መንገዱ ሁለት ነው። አምፕሊፋየሩ ለሰብዉፈር የተለየ መውጫ ካለው በአንድ ገመድ ማገናኘት ይበቃል። መውጫው የሌለው አሮጌ አምፕሊፋየር ከሆነ ግን፣ መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ይጠፋል፤ ከዚያ ወደ ስፒከሮቹ ከሚሄዱት ሽቦዎች ጎን ሌላ ሽቦ ወደ ሰብዉፈሩ የስፒከር መግቢያ ይሳባል። ብዙዎች ይህ የስፒከሮቹን ኃይል ይቀንሳል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ግን ከንቱ ነው፤ የስፒከር ተቃውሞ 8 ኦም ያህል ሲሆን የዚህ መግቢያ ተቃውሞ በብዙ ሺህ ስለሚቈጠር፣ ሣጥኑ የድምፁን መልእክት ይቀበላል እንጂ ኃይሉን አይሻማም። የራሱ ኃይል የሌለውን ሣጥን በዚሁ ዓይነት መጨመር ግን አምፕሊፋየሩን ከመጠን በላይ ሸክም ሊያሸክመውና ሊያቃጥለው ይችላል።

ሽቦው ከተያያዘ በኋላ ማስተካከሉ የላስታን ካህናት ሥርዓት ይከተል። መጀመሪያ ሰብዉፈሩ ተዘግቶ ስፒከሮቹ ብቻቸውን ይደመጡ። ቀጥሎ ሰብዉፈሩ ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ብቻ እንዲወስድ ተደርጎ፣ ድምፁ ከዝቅተኛው ጀምሮ ቀስ በቀስ ከፍ ይበል። የአቅጣጫ መቀያየሪያ ካለው በሁለቱም በኩል ይሞከር፤ ወፍራሙ ድምፅ ሞልቶ የሚሰማበት ወገን ትክክለኛው ነው። ሣጥኑ ከግድግዳ ማእዘን ጋር ሲጠጋ ድምፁ ስለሚያብጥ ፈቀቅ ይደረግ። የማያቋርጥ እምምታ ቢሰማ፣ ምናልባት በአገራችን የኤሌክትሪክ መሥመር ውስጥ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው ኃይል በገመዶቹ በኩል ገብቶ ይሆናል፤ አምፕሊፋየሩንና ሰብዉፈሩን በአንድ ሶኬት ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይረዳል። የመሬት ሽቦውን መቍረጥ ግን ለሕይወት ያሠጋልና ፈጽሞ አይደረግ።

የመጨረሻው መመዘኛ ዜና አንባቢ ነው። አንድ ወንድ ሲናገር ንግግሩ ከሰብዉፈሩ የሚወጣ መስሎ ከተሰማ፣ ሣጥኑ የማይገባውን የድምፅ ድርሻ ወስዷል፤ መለያው ወደ ታች ይውረድ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከላስታ ርቆ በከተማ የሚኖር ሰው የቤዛ ኵሉን ዝማሬ በቴፕ ወይም በዘመናዊ መሣሪያ ሲሰማ፣ ከበሮው ከጠፋ በዓሉ ይጐድልበታል፤ ከበሮው ከበረታ ደግሞ ቃሉ ይጠፋበታል። ሁለቱም የአባቶችን ሥራ ያሳንሳሉ። መልካም ሰብዉፈር ሲዘጋ የሚናፈቅ፣ ሲከፈት ግን የት እንዳለ የማይታወቅ ነው።