የፊደል መልክ፣ የፊደል አካልና የፊደል ስፍራ
የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ በደረሰ ጊዜ፣ ከተማይቱ ከሐዲዱ ጋር አብራ ተቈረቈረች። በዚያም ሐዲድ ወረቀትና ቀለም፣ የማተሚያ መኪናና የእርሳስ ፊደል ወደ አገር የሚገባበት ቀና መንገድ ተገኘ። የካፑቺን ሚሲዮናውያን በሐረር በለምጻሞች መኖሪያ ያቋቋሙት ማተሚያ ቤትም ወደ ድሬዳዋ ወርዶ በቅዱስ አልዓዛር ስም ታወቀ። ሊቁ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በዚህች ከተማ ተቀምጠው ሲሠሩ፣ የመጽሐፈ ሕዝቅኤል ንባብና ትርጓሜ በ1916 ዓ.ም. በድሬዳዋ ታተመ። ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በዚያው አብረዋቸው ደክመዋል። እንግዲህ በዛሬው ዘመን በኮምፒዩተር የፊደልን ፋይል ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ስለ መለወጥ የሚነሣውን ጥያቄ ለመረዳት፣ ከእርሳሱ ፊደል መጀመር ይበጃል።

በእርሳስ ዘመን እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛው መልኩ ነው፤ ይኸውም በወረቀት ላይ የሚታየው ቅርጽ ነው። ሁለተኛው አካሉ ነው፤ ይኸውም መልኩን የሚሸከመው የእርሳስ ዘንግ ነው። ሦስተኛው ስፍራው ነው፤ ይኸውም በሳጥኑ ውስጥ የተመደበለት ክፍል ነው። ፊደል ለቃሚው ዓይኑን ከጽሑፉ ሳያነሣ እጁን የሚሰድደው ወደዚህ ክፍል ነበርና፣ ስፍራው ለፊደሉ እንደ ስም ይቈጠር ነበር።

አካሉም ከአገር አገር ይለያይ ነበር። በፈረንሳይ ልማድ የፊደሉ ቁመት 23.56 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ 23.32 ሚሊሜትር ነበር። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊሜትር ሩብ የማይበልጥ ቢሆንም፣ ሁለቱ በአንድ ገጽ ቢሰለፉ ረጅሙ ወረቀቱን ሲጫን አጭሩ ቀለሙን በቅጡ አያደርስም። መልካቸው አንድ የሆነ ፊደላት በአካላቸው ምክንያት አብረው ለመሥራት አልቻሉም ማለት ነው። ስለዚህ የዛሬው የፋይል ዓይነት ችግር አዲስ አይደለም፤ ልብሱን ለውጦ የመጣ አሮጌ ችግር ነው።

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ መኪና መጽሐፍ ሆኖ የወጣው መጀመሪያ በሮም ነው። ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን በዚያ ከነበሩት የኢትዮጵያ መነኰሳት ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን በፈረንጆች ቍጥር በ1513 አሳተመ። አባ ተስፋ ጽዮንም በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በዚያችው ከተማ በግዕዝ አሳተሙ። ከዚያ ጀምሮ የማተም ሥራ ሁሉ የደከመበት ነገር የፊደሉ ብዛት ነው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነቈ፣ ኈ፣ ኰና ጐ ከነዝርዝራቸው 20፣ የግዕዝ አኃዞችም 20 ሲጨመሩ ድምሩ 271 ይደርሳል፤ ነጥቡና ሌላው ምልክት ገና አልተቈጠረም።

ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ይህ ብዛት ከጠባብ ሳጥን ጋር ተጋጠመ። የቀድሞው ፎንት የነበረው 256 ክፍል ብቻ ነውና፤ ከዚያም ውስጥ ጥቂቱ ለመኪናው ትእዛዝ የተጠበቀ ነበር። ስለዚህ የፎንት ሠሪዎች አንዱ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈለው፤ ሌላው ከግንዱና ከቅጥያው እየገጣጠመ አወጣው። ክፍሎቹም አስቀድመው የላቲን ፊደልና ምልክት ስፍራ ነበሩ፤ የግዕዙ መልክ በእነርሱ ላይ በእንግድነት ተቀመጠ። ሁሉም እንደ ራሱ ሐሳብ ስለ መደበ፣ በአንዱ ፎንት «ለ» በተቀመጠበት ክፍል በሌላው ሌላ ፊደል ተገኘ። አጋፋሪ፣ ቪዥዋል ግዕዝ፣ ፓወር ግዕዝ የተባሉት በዚህ ዘመን የታወቁ ናቸው፤ የአማርኛን ጽሕፈት ከታይፕ መኪና ወደ ኮምፒዩተር በማሻገራቸውም ሊመሰገኑ ይገባል።

ከዚህ ጋር የፎንቱ አካልም ተለዋወጠ። አዶቢ የተባለው ኩባንያ በፈረንጆች ቍጥር በ1984 ታይፕ 1 የተባለውን ዓይነት አወጣ። አፕል በ1991 ትሩታይፕን አመጣ። ማይክሮሶፍትና አዶቢ በ1996 ኦፕንታይፕን አስታወቁ። ለኢንተርኔት ገጽ የተዘጋጀውና ዎፍ የሚባለው ደግሞ በ2012 ደንብ ሆኖ ጸደቀ። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት እንዲህ ነው። ታይፕ 1 የፊደሉን ኩርባ በሦስተኛ ደረጃ ስሌት ሲሥል፣ ትሩታይፕ በሁለተኛ ደረጃ ስሌት ይሥላል። ኦፕንታይፕ ሁለቱንም ሊሸከም ይችላል። ዎፍ ግን ያንኑ ፎንት አጥብቆ የጠቀለለ መሸፈኛ ነው፤ ቢፈቱት የነበረው ይገኛል። ከሁለተኛ ደረጃ ወደ ሦስተኛው የሚደረገው ለውጥ ኩርባውን ሳያጐድል ይፈጸማል። ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው የሚደረገው ግን በግምት ስለ ሆነ፣ ዓይን የማያስተውለው ጥቂት መዛነፍ ይኖርበታል። በትናንሽ መጠን ፊደሉ ጠርቶ እንዲታይ የተጻፈው ውስጣዊ መመሪያም ብዙ ጊዜ በለውጡ ይጠፋል።

ነገር ግን ዋናው ስሕተት ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ብዙ ሰዎች የፎንቱን ፋይል ከትሩታይፕ ወደ ኦፕንታይፕ በለወጡ ጊዜ ጽሑፋቸው የታደሰ ይመስላቸዋል። የተለወጠው ግን አካሉ ብቻ ነው፤ ስፍራው እንደ ነበረ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጻፈው የፊደሉ መልክ ሳይሆን የክፍሉ ቍጥር ነውና፣ ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት የቃለ ጉባኤው አማርኛ ትርጕም የሌለው የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኖ ይታያል። ይህም የሳጥኑን እንጨት በአዲስ እንጨት ለውጦ፣ ፊደላቱን በአሮጌው ቅደም ተከተል እንደ መተው ያለ ነው።

ስፍራውን የለወጠው ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። በፈረንጆች ቍጥር በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትሙ ለኢትዮጵያ ፊደልና አኃዝ፣ ለምልክቱም ጭምር 345 የራሳቸውን ስፍራ ሰጠ። «ሀ» 4608ኛውን፣ «ሠ» 4640ኛውን፣ «ሰ» 4656ኛውን ቍጥር ያዙ፤ ማንም ፎንት ሠሪ ይህን በገዛ ፈቃዱ ሊለውጠው አይችልም። ከዚያ በኋላ የግዕዝ ፊደል በላቲን ስፍራ በእንግድነት መቀመጡ ቀረና በገዛ ቤቱ ገባ።

አሮጌውን ጽሑፍ ወደዚህ ለማምጣት ግን ፎንቱን ሳይሆን ጽሑፉን መለወጥ ያስፈልጋል፤ ለዚህም የአሮጌውን ክፍል ከአዲሱ ቍጥር ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። ሠንጠረዡ በአንድ መስመር ቢሳሳት ጉዳቱ በጽሑፉ ሁሉ ይዘረጋል። በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነው። «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ ነው። በድምፅ አንድ ቢመስሉም በፊደል የተለዩ ናቸውና፣ ማሽኑ ቢያደባልቃቸው ፀሓይ መውጣቷ ቀርቶ ስትሰርቅ ትገኛለች። ይህን የሚያርም ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንጂ ማሽን አይደለም።

ጊዜውም እየጠበበ ነው። አዶቢ በፈረንጆች ቍጥር በ2023 በጥር ወር በፕሮግራሞቹ ታይፕ 1ን መቀበል አቁሟል። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአሮጌ ፎንት የተጻፈ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም የታሪክ ማስታወሻ ያለው ቤት ሦስት ነገር ቢያደርግ ይጠቅማል። አንደኛ፣ የመጀመሪያውን ፋይል ሳይነካ ከነፎንቱ ያኑር፤ ፎንቱ የሌለው ፋይል ቍልፉ እንደ ጠፋ ሣጥን ነውና። ሁለተኛ፣ ግልባጩን ወደ ዩኒኮድ ይለውጥ። ሦስተኛ፣ አዲሱን ከአሮጌው ወረቀት ጋር ቃል በቃል ያስነብብ።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ የግስና የመዝገበ ቃላት መጽሐፍ በመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ተጀምሮ ለእርሳቸው በአደራ ተላለፈ። እርሳቸውም በ1936 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ለአለቃ ደስታ ተላለፈ። አለቃ ደስታ አደራውን ጠብቀው በ1948 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አሳተሙት። ሥራው ከእጅ ወደ እጅ፣ ከብራና ቀለም ወደ እርሳስ ሲሻገር «ሠ» እና «ሰ» ሳይደባለቁ የደረሱት፣ በእያንዳንዱ መሻገሪያ ላይ የሚያነብና የሚያርም ሰው ስለ ነበረ ነው።