ምናባዊ ማህደረ ትውስታ፦ አጀማመሩና የማከማቻ መሣሪያዎች ሚና

ምናባዊ ማህደረ ትውስታ ወይም በተለምዶ ቨርቹዋል ሜሞሪ የሚባለው፣ አንድ ኮምፒውተር ካለው ዋና ማህደረ ትውስታ የሚበልጥ ፕሮግራም እንዲያስኬድ የሚያስችል አሠራር ነው። ዛሬ በግል ኮምፒውተሮችም ሆነ በትላልቅ የመረጃ ማዕከላት በስፋት የሚያገለግል ሲሆን፣ የተጀመረው ግን ሜይንፍሬም በሚባሉት ግዙፍ ኮምፒውተሮች ዘመን ነው።

የችግሩ መነሻ

እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የአብዛኞቹ ኮምፒውተሮች ዋና ማህደረ ትውስታ የሚሠራው በቀጫጭን ሽቦዎች ላይ ከተሰኩ ጥቃቅን የማግኔት ቀለበቶች ነበር። እያንዳንዱ ቀለበት አንድ ቢት ብቻ ስለሚይዝ ዋጋው እጅግ ውድ ነበር። የማግኔት ከበሮና ዲስክ በአንጻሩ ብዙ መረጃ በአነስተኛ ወጪ ቢይዙም ዘገምተኞች ነበሩ። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያስተዋወቀው የራማክ 305 ዲስክ ማከማቻ፣ እያንዳንዳቸው 61 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላቸውን 50 ዲስኮች ደርድሮ 5 ሚሊዮን ቁምፊዎችን ይይዝ ነበር።

በመሆኑም የፕሮግራም ባለሙያዎች ሥራቸውን በክፍል በክፍል ከፋፍለው፣ የትኛው ክፍል መቼ ወደ ዋናው ማህደረ ትውስታ እንደሚገባና መቼ እንደሚወጣ ራሳቸው መወሰን ነበረባቸው። ይህም ከፍተኛ ጊዜና ጉልበት ይጠይቅ ነበር።

የአትላስ መፍትሔ

ለዚህ ችግር መፍትሔ ያስገኘው፣ የማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ከፌራንቲ ኩባንያ ጋር በመተባበር በቶም ኪልበርን መሪነት የሠራውና እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1962 በይፋ የተመረቀው አትላስ ኮምፒውተር ነው። ዋናው ማህደረ ትውስታ እያንዳንዳቸው 48 ቢት የሆኑ 16,384 ቃላትን፣ ከበሮዎቹ ደግሞ 98,304 ቃላትን ይይዙ ነበር። ለፕሮግራም ባለሙያው ግን ሁለቱ እንደ አንድ ማከማቻ ይታዩት ነበር።

ማከማቻው 512 ቃላት በሚይዙ ገጾች የተከፋፈለ ሲሆን፣ ዋናው ማህደረ ትውስታ በአንድ ጊዜ 32 ገጾችን ያስተናግዳል። ፕሮግራሙ የጠየቀው ገጽ በቦታው ካልተገኘ መሣሪያው ሥራውን ለጊዜው አቁሞ ገጹን ከከበሮ ያስመጣል። የትኛው ገጽ ቦታ እንደሚለቅ የሚወስነውም የገጾቹን የቀደመ አጠቃቀም የሚከታተል ፕሮግራም ነበር። ይሁን እንጂ ዋናው ማህደረ ትውስታ በ2 ማይክሮ ሰከንድ ሲመልስ፣ ከበሮው አንድ ዙር ለመዞር 12 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበት ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ የገጽ ጥያቄ ከፍተኛ የጊዜ ዋጋ ነበረው።

የአቅም ወሰን

አሠራሩ ወደ ሌሎች ኮምፒውተሮች ሲስፋፋ ይህ የፍጥነት ልዩነት አሳሳቢ ሆነ። ብዙ ፕሮግራሞች በአንድነት ሲሠሩ አንዱ የሌላውን ገጽ እያስወጣ፣ ኮምፒውተሩ ጊዜውን ሁሉ ገጾችን በማመላለስ ያጠፋ ነበር። ፒተር ዴኒንግ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ አንድ ፕሮግራም በቅርብ ጊዜ የተጠቀመባቸው ገጾች በሙሉ በዋናው ማህደረ ትውስታ ውስጥ ቦታ ማግኘት እንዳለባቸው፣ ቦታ ከሌለ ግን ፕሮግራሙ ተራ መጠበቅ እንደሚገባው አስረዳ። በመሣሪያ ረገድም አይቢኤም 2305 የተባለው ማከማቻ ለእያንዳንዱ የመረጃ መስመር ቋሚ ማንበቢያ ስለነበረው፣ ማንበቢያው ከቦታ ቦታ እስኪንቀሳቀስ የሚባክነውን ጊዜ አስቀርቷል።

ወደ ገበያ መግባቱና ያስከተለው ወጪ

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ይፋ ያደረገው ሲስተም 360 መጀመሪያ ይህን አሠራር አላካተተም ነበር፤ በኋላ ግን ሞዴል 67 በተባለው ኮምፒውተር ላይ አዋለው። ኩባንያው አሠራሩን ለሲስተም 370 ኮምፒውተሮቹ በስፋት ያቀረበው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 ነው። ሞዴል 145 አስፈላጊው ዝግጅት አስቀድሞ ስለተደረገለት በቀላሉ ተጠቃሚ ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት ይፋ የሆኑት ሞዴል 155 እና 165 ግን ተጨማሪ መሣሪያ ይጠይቁ ነበር። ስለሆነም እነዚህን ሞዴሎች የገዙ ተቋማት አዲሱን አገልግሎት ለማግኘት እንደገና ወጪ ማውጣት ግድ ሆነባቸው።

ማጠቃለያ

ምናባዊ ማህደረ ትውስታ የፕሮግራም ባለሙያዎችን ድካም በእጅጉ ቢያቀልም፣ የዋናውን ማህደረ ትውስታ እጥረት ሙሉ በሙሉ የሚተካ አይደለም። ውጤታማነቱ በዋናው ማህደረ ትውስታ መጠን፣ በማከማቻው ፍጥነትና በሥራው ጫና መካከል በሚኖረው ሚዛን ይወሰናል። ተቋማት የኮምፒውተር ግዥ በሚያቅዱበት ጊዜ ሦስቱን በአንድነት መመዘናቸው፣ እንዲሁም መሣሪያው ወደፊት ለሚመጣ አሠራር ዝግጁ መሆኑን አስቀድመው ማረጋገጣቸው ዛሬም ተገቢ ነው።