የጅብ ሰው

የጅብ ሰው ቀን ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ሲሠራ ውሎ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ የሚታመንበት ሰው ነው። በአውሮፓ ተረት የተኩላ ሰው የያዘውን ቦታ በኢትዮጵያ የያዘው እሱ ነው። በጎጃሞቹ ቢቸናና ሞጣ እንደ ሌላው የአማራ አገር ሁሉ ከቡዳ እምነት ተለይቶ አይታይም። ቡዳ በይበልጥ የሚፈራው በዓይኑ ሰው ይበላል ተብሎ ነው።

አመጣጥ

እምነቱ ከመቼ ጀምሮ እንደኖረ አከራካሪ ነው። የቡዳነት ስም አብዝቶ የሚለጠፈው በጠይብ፣ በሸክላ ሠሪና በቤተ እስራኤል ላይ ነበር። አንዳንድ አጥኚዎች ምክንያቱን ከብረትና ከእሳት ምሥጢር ጋር ያያይዙታል። ሌሎች ደግሞ ከርስት ያያይዙታል፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ አዘዋል ተብሎ ይተረካል። መሬት ያጣው በእጅ ሥራ አደረ፣ በእጅ ሥራ ያደረውም ተጠረጠረ የሚለው ይህ አስተያየት ይበልጥ አሳማኝ ይመስላል።

በጽሑፍ ከቆዩት ምስክርነቶች በብዛት የሚጠቀሰው በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ የተወው ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ባልንጀራው ዊልያም ኮፊን የሚከተለውን ይተርካል። በቡዳነት የሚታማ አሽከሩ አመሻሽ ላይ እስከ ማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ ወጣ። ወዲያው ሌሎቹ አሽከሮች «ጅብ ሆነ!» ብለው ጮኹ። ኮፊን ዘወር ሲል ሰውየው የለም፤ በገላጣው ሜዳ ላይ አንድ ትልቅ ጅብ ይሮጣል። በማግስቱ ተመልሶ ሲመጣ ጓደኞቹ ቢያፋጥጡትም እንደ ቡዳዎቹ ልማድ አልካደም ይባላል። ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለበት ጅብ ተገኘ የሚለው ወሬም ከዚሁ መጽሐፍ ጋር ይያያዛል። ጉትቻው እንዴት እዚያ እንደገባ ግን አልተረጋገጠም።

ሕክምና

ቡዳ በላው የተባለ በሽተኛ ጭስ ይታጠናል። ሲለፈልፍ በላው የተባለው ቡዳ «ማነህ? የት አገኘኸው?» እየተባለ ይጠየቃል። ልጆች ክታብ ይታሰርላቸዋል።

ፍቅርና ቤተሰብ

ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይቆጠር ስለነበር፣ «ዘሩ ቡዳ ነው» መባል ብቻውን እጮኝነትን ሊያፈርስ ይችል ነበር። በዚህም የተነሳ ጠይቦቹና ሸክላ ሠሪዎቹ በአብዛኛው እርስ በርስ ይጋቡ፣ አንድ ላይም ይሰፍሩ ነበር። ጎረቤት በሚሸሻቸው ቦታ የሙያ ባልደረባ ዘመድ፣ የሙያ ጌታ አባት ይሆን ነበር።

በሥነ ጽሑፍ

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ልብ ወለድ (1958 ዓ.ም.) ዋና ጉዳዩ የጅብ ሰው አይደለም። ሆኖም ከቢቸና ብዙም በማትርቀው ዲማ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር በዘር ቆጠራ ሲደናቀፍ ያሳያል።

ኋላ ዘመን

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ስድቡ ግን በአዋጁ ብቻ አልጠፋም። ጠይቡን ጅብ የሚለው ገበሬ ማረሻውንና ማጭዱን የሚያሠራው ከዚያው ጠይብ ዘንድ ነበር።