የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች የቀን አገልግሎት የሚሰጥ ተቋም አመሠራረት

የቀን አገልግሎት የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ተዛማጅ እክል ያለባቸው አዋቂዎች ከቤተሰባቸው ጋር እየኖሩ፣ ቀን ቀን በአንድ ማዕከል ተሰባስበው የኑሮና የሥራ ክህሎት የሚቀስሙበት እንዲሁም ከማህበረሰቡ ጋር የሚገናኙበት የማህበራዊ ድጋፍ ዓይነት ነው። ኦቲዝም፣ ዳውን ሲንድረም ወይም ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሰዎች ከተጠቃሚዎቹ መካከል ይገኙበታል። አገልግሎቱ ከሕክምና ተቋምም ሆነ ከአዳሪ መጠለያ የተለየ ነው።

የአገልግሎቱ አስፈላጊነት

በኢትዮጵያ በዘርፉ ቀዳሚ የሆኑት ማዕከላት ትኩረታቸው ሕፃናት ላይ ነው። ለምሳሌ በወይዘሮ ዘሚ የኑስ መሥራችነት እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የተከፈተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል የተነሳው ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ለማስተማር ነበር። ልጁ አድጎ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ የሚውልበት ቦታ ካላገኘ ግን ቤት ይቀመጣል፤ በብዙ ድካም ያዳበረው ክህሎትም ይጠፋል። ከቤተሰቡም አንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ እሱን ለመጠበቅ ከሥራ ትቀራለች።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ከተሞች በአካል ጉዳትና በተሐድሶ ረገድ የቆየ ልምድ አለ። በመናገሻ እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራ የጀመረው የቼሻየር ማዕከል በተለይ በፖሊዮ ምክንያት የአካል ጉዳት ለደረሰባቸው ሕፃናት የተሐድሶ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል። በሰበታ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤትና የልዩ ፍላጎት መምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ሲገኙ፣ በቡራዩ አቅራቢያ ደግሞ የገፈርሳ የአእምሮ ጤና ማገገሚያ ማዕከል አለ። የእነዚህ ተቋማት ዓላማ ከአዋቂዎች የቀን አገልግሎት የተለየ ቢሆንም፣ ባለሙያና ልምድ ለሚፈልግ አዲስ ተቋም ቅርብ ናቸው።

እዚህ ላይ የአእምሮ ሕመምንና የአእምሮ ዕድገት ውስንነትን መለየት ይገባል። የመጀመሪያው የጤና ባለሙያ ሕክምና የሚሰጥበት ሕመም ነው። ሁለተኛው ከልጅነት ጀምሮ አብሮ የሚኖር ሁኔታ በመሆኑ የሚጠይቀው ትምህርት፣ ልምምድና የማያቋርጥ ድጋፍ ነው። ማመልከቻ የሚቀበል ኃላፊ ሁለቱን ካልለየ አመልካቹን ወደማይመለከተው መሥሪያ ቤት ይመራዋል።

የሕግ መሠረት

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ደንግጓል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 19 በማህበረሰብ ውስጥ የመኖር፣ በአንቀጽ 26 ተሐድሶ የማግኘት፣ በአንቀጽ 27 የመሥራት መብትን አስፍሯል። የሥራ ስምሪት መብትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 እና ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ የሚያዘው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከዚሁ ጋር ይታያሉ።

ምዝገባ

ተቋሙን ለትርፍ ሳይሆን በበጎ አድራጎት ለማቋቋም የሚፈልግ ወገን አስቀድሞ የሥራ ክልሉን መወሰን አለበት። የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተፈጻሚ የሚሆነው ከአንድ ክልል በላይ በሚሠሩ፣ በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ በሚቋቋሙ እንዲሁም በውጭ ድርጅቶች ላይ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው የሸገር ከተማ ውስጥ የተካተቱ በመሆናቸው፣ በእነዚህ ብቻ የሚሠራ አገር በቀል ድርጅት ጉዳዩ የኦሮሚያ ክልል ነው። በአዲስ አበባም ሁለተኛ ማዕከል ለመክፈት ያሰበ ግን በፌዴራል ደረጃ መመዝገብ ይኖርበታል። ይህ ነጥብ በጅምሩ ካልተለየ አመልካቹ በሁለቱ አስተዳደሮች መካከል ሲመላለስ ጊዜው ያልፋል።

ለዚህ ዓይነት አገልግሎት ዋናው ወጪ የሰው ኃይል ነው። ቀደም ሲል በአዋጅ ቁጥር 621/2001 መሠረት ይሠራበት የነበረው የ70/30 ድልድል በርካታ የፕሮግራም ወጪዎችን በአስተዳደራዊ ወጪነት ይመድብ ስለነበር ድርጅቶችን ሲያስቸግር ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 አስተዳደራዊ ወጪን በ20 በመቶ ቢገድብም፣ ከፕሮጀክት ሥራ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ወጪን ከዚህ ለይቷል። ድርጅቶች ገቢ በሚያስገኝ ሥራ እንዲሰማሩም ፈቅዷል። በመሆኑም ማዕከሉ ተጠቃሚዎቹ የሚሳተፉበትን የሽመና ወይም የጓሮ አትክልት ሥራ ከበጀቱ ጋር ሊያያይዝ ይችላል።

አገልግሎቱን በንግድ መልክ የሚያቋቁም ሰው በንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980/2008 ይስተናገዳል። መድኃኒት መስጠት ወይም የፊዚዮቴራፒ ሕክምና በሥራው ውስጥ ሲካተት የጤና ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቁ አይቀርም።

ብቃትን ለመመዘን

የምዝገባ ወረቀት ድርጅቱ መኖሩን እንጂ የአገልግሎቱን ጥራት አያረጋግጥም። በርካታ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት አሠራር በዚህ ረገድ ለንጽጽር ያገለግላል። የግዛቲቱ ሕግ በቀን አገልግሎት መስጫ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ቢያንስ 40 ስኩዌር ፊት ወይም 3.7 ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይጠይቃል። አንድ ሠራተኛ እንደ ተጠቃሚዎቹ የድጋፍ ፍላጎት ለ4፣ ለ6 ወይም ለ8 ሰዎች ይመደባል። የሠራተኞች የኋላ ታሪክም ይጣራል።

በአገር ውስጥ ማመልከቻ የሚመረምር ባለሙያም ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ማንሳት ይችላል። ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የተጻፈ የግል ዕቅድ አለ ወይ? ዕቅዱ የሚተገበረው ተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ነው ወይ? የሚጥል በሽታ ሲነሳ ምን እንደሚደረግ ሠራተኛው ያውቃል ወይ? ጥቃት ሲደርስ አቤቱታው ለማን ይቀርባል? መጓጓዣውስ እንዴት ተዘጋጅቷል?

የፈቃደኝነት ጉዳይም ትኩረት ይሻል። 18 ዓመት የሞላው ሰው፣ በፍርድ ካልተከለከለ በስተቀር፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ችሎታ እንዳለው ይገመታል። ስለዚህ የወላጅ ፊርማ ብቻውን አይበቃም። ተጠቃሚው ስለ ማዕከሉ በሚገባው መንገድ ተነግሮት፣ ቦታውን ጎብኝቶ፣ መግባት መፈለጉ ሊጠየቅና መልሱ ሊመዘገብ ይገባል።

አገልግሎቱ ማህበራዊ ጉዳይ፣ ትምህርትና ጤና የሚገናኙበት ነው። ማመልከቻው መጀመሪያ የደረሰው መሥሪያ ቤት ጉዳዩን ይዞ የሌሎቹን አስተያየት ቢያሰባስብ፣ ከፈቃድ በኋላም ማዕከሉን በአካል እየጎበኘ ቢከታተል፣ በየቤቱ ለሚጠብቁ ቤተሰቦች መፍትሔው ይቀርባል።