በጌዴኦ አገርና በዲላ ከተማ በሰው ሰፈር ዶሮና ከብት ስለ ማኖር ያለ ደንብ፤ አጭር የታሪክ ጥናት

1. መግቢያ

ታሪክ ሲባል በብዙዎቻችን አሳብ ቶሎ የሚመጣው የነገሥታት ዘመንና የጦር ሜዳ ውሎ ነው። ሆኖም ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ የሚኖርበት ደንብ ከየት እንደ መጣና እንዴት እንደ ተለወጠ መመርመርም የታሪክ ተማሪ ሥራ ነው። እኛ የመረጥነው አርእስት ለአንዳንድ አንባቢ ያስቅ ይሆናል፤ ይኸውም በዲላ ከተማና በዙሪያዋ ባለው በጌዴኦ አገር፥ ሰው በሚኖርበት ሰፈር ዶሮ፥ በግ፥ ፍየልና ላም ስለ ማኖር ያለው ደንብ ነው።

ነገሩ ግን ለድኻ ቤት የሳቅ ነገር አይደለም። ከእኛ መካከል አንዱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲማር የደብተሩና የእርሳሱ ዋጋ ይወጣ የነበረው እናቱ በጓሮ ከምታረባቸው ጥቂት ዶሮዎች እንቁላል ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ የዘራው መደብ በሰው ዶሮ የተጫረበት፥ ወይም ከአጥሩ ሥር ያለው የበረት ሽታ እንቅልፍ የነሣው ጎረቤት ያለ ምክንያት አይጮኽም። ስለዚህ ልንመልሰው የምንሞክረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በዚህ አገር የኖረው ደንብ «እንስሳ አታኑር» የሚል ነውን? ወይስ «አኑር፥ ነገር ግን ጠብቅ» የሚል?

2. የአገሩ ጠባይና የከብቱ አያያዝ

ዲላ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቡና ንግድ ከተማ ናት። በዘውዱ ዘመን ይህ አገር በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ሕዝቡ ግን ራሱን የሚጠራው ጌዴኦ ብሎ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የጌዴኦ ዞን በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

የጌዴኦ ገበሬ ማሳ እንደ ሰሜኑ አገር ሜዳ የሆነ የእህል እርሻ አይደለም። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፥ ከሥራቸው እንሰትና ቡና፥ ከዚያም በታች ጎመንና ሌላ አትክልት ተደራርበው ይበቅላሉ፤ ቤቱም በዚሁ መካከል ይሠራል። ይህ አኗኗር በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ መልክዓ ምድር ተብሎ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ሕዝቡ እጅግ ብዙ፥ መሬቱም ጠባብ ስለ ሆነ፥ ከብት ተለቆ የሚሰማራበት ሰፊ ግጦሽ በአብዛኛው ስፍራ የለም።

ከዚህ የተነሣ ከብቱ ጥቂት ነው፤ ጥቂቱም ታስሮ ይበላል። ሣር፥ ቅጠልና የእንሰት ተረፈ ምርት ታጭዶ ወደ እርሱ ይመጣል እንጂ እርሱ ወደ መኖው አይሄድም። በጉና ፍየሉ በገመድ ከካስማ ጋር ይታሰራሉ፤ ላሚቱ ማታ ከቤት ወይም ከበረት ትገባለች፤ አዛባዋም ተጠርጎ ለእንሰቱ ፍግ ይሆናል። እንሰት ፍግ ካላገኘ አይፋፋምና ከብት የሌለው ሰው በእንሰቱም ይጎዳል። እንግዲህ በዚህ አገር እንስሳ ከሰው ቤት አጠገብ መኖሩ የቸልተኝነት ምልክት አይደለም፤ የእርሻው ሥርዓት አንድ ክፍል ነው። መታሰሩም እንዲሁ የእርሻው ሥርዓት ክፍል ነው፤ አንድ የተለቀቀ ፍየል በአንድ ጧት ብዙ የቡና ችግኝ ሊያጠፋ ይችላልና።

3. የሶንጎ ፍርድ

ጌዴኦ ከጥንት ጀምሮ ባሌ የሚባል፥ በየ8 ዓመቱ ሥልጣን የሚተላለፍበት የአስተዳደር ሥርዓት አለው። በየመንደሩ ደግሞ ሶንጎ የተባለ የሽማግሌዎች ጉባኤ አለ። ከዛፍ መቁረጥና ከድንበር ጀምሮ እስከ ከብት ጥፋት ድረስ ያለው የጎረቤት ክርክር የሚታየው በዚያ ነው።

የሶንጎ ፍርድ ዓላማ ከሁሉ አስቀድሞ ማስታረቅ ነው። ከብቱ የሰው ማሳ ያጠፋበት ባለቤት ጥፋቱን አምኖ ካሣ ይከፍላል፤ ከዚያም ሁለቱ ሰዎች ይታረቃሉ። በነገ ሥራቸው እርስ በርሳቸው የሚፈላለጉ ጎረቤቶች ቂም ይዘው መኖር ስለማይችሉ፥ ከካሣው መጠን ይልቅ የዕርቁ መፈጸም ይበልጥ ይታሰባል። አማርኛም «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው ስለዚሁ ነው። እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባን፥ ፍርዱ ባለ ከብቱን «ከብትህን አስወጣ» አለማለቱን ነው። የሚለው «ያጠፋውን ካስ፥ ለነገውም እሰር» ነው።

ይህ አሳብ በጌዴኦ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለሚዋጋ በሬ፥ በምዕራፍ 22 ደግሞ የሰውን እርሻ ስለሚያስበላ ሰው የተጻፈው ሕግ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። በሬው ተዋጊ መሆኑን እያወቀ ያልጠበቀው ባለቤት ፍርዱ ይከብድበታል፤ ከብቱን በሌላ ሰው እርሻ ያሰማራም ከራሱ እርሻ መልካሙን ይከፍላል። ከዕብራውያን ርቀው የነበሩት ሮማውያንም፥ የእንስሳ ባለቤት ወይ ካሣ እንዲከፍል ወይም እንስሳውን ራሱን ለተጎዳው ሰው እንዲያስረክብ የሚያዝ ሕግ ነበራቸው።

4. ከተማው ሲያድግ

በአፄ ምኒልክ ዘመን አገሩ ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ከተጠቃለለ በኋላ፥ ወታደሩና ባለሥልጣኑ፥ ቀጥሎም የቡና ነጋዴው እየበዛ ሄደ። ከሰሜን የመጣው፥ ጉራጌው፥ ጌዴኦው፥ እንዲሁም የውጭ አገር ነጋዴው በአንድ መንገድ ዳር ጎን ለጎን ሰፈሩ። የእነዚህ ሰዎች ሁሉ ሽማግሌ አንድ አልነበረም። በመንደር ሶንጎ የሚዳኘው ሰው በከተማ ጎረቤቱ የሌላ አገር ልማድ ያለው ሆኖ ሲያገኘው፥ የሁለቱን ዶሮና አጥር ማን ይዳኛቸው?

ለዚህ ዓይነቱ ችግር መንግሥት የሰጠው መልስ የማዘጋጃ ቤት ሕግ ነው። በ1937 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 74 አዋጅ በአዲስ አበባ፥ በጎንደርና በሌሎችም ከተሞች የማዘጋጃ ቤት አስተዳደር እንዲቋቋም አደረገ። የከተማ ጽዳት፥ መንገድና ገበያ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ሆኑ። በ1949 ዓ.ም. የታወጀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በሦስተኛው ክፍሉ ስለ ደንብ መተላለፍ ሲደነግግ፥ የሕዝብን ጤናና ደኅንነት የሚነኩ ትንንሽ ጥፋቶችን ጭምር በቅጣት ሥር አኖራቸው።

በዚህ ጊዜ የደንቡ ዓይን ተለወጠ ለማለት እንደፍራለን። ሶንጎ የሚያየው ሁለት ጎረቤቶችን ነበር፤ ማዘጋጃ ቤት የሚያየው መንገዱን፥ የውሃ ጉድጓዱንና የከተማውን መልክ ነው። ሶንጎ የሚጠይቀው «ማን ተጎዳ?» ብሎ ነው፤ ማዘጋጃ ቤት ግን «ምን ያቆሽሻል?» ብሎ ይጠይቃል። ሁለተኛው ጥያቄ ስሕተት አይደለም። ሰው በተጨናነቀበት ስፍራ የበረት እዳሪ ወደ ጉድጓድ ውሃ ቢገባ የሚታመመው የባለ ከብቱ ቤተ ሰብ ብቻ አይደለምና። ሆኖም ጥያቄው ብቻውን ሲቀር መልሱ መከልከል ወደ መሆን ያዘነብላል፤ በክልከላም ፊተኛ ተጎጂ የሚሆነው ሌላ ገቢ የሌለው ሰው ነው።

5. የፍትሐ ብሔር ሕግ

በ1952 ዓ.ም. ታውጆ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ረቂቁ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ከአገር ልማድ የራቀ ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይነቀፋል። እኛ ግን በያዝነው ጉዳይ ከሶንጎ ፍርድ ጋር ተቀራርቦ አገኘነው።

ከቁጥር 2071 ጀምሮ ያሉት አንቀጾች፥ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይናገራሉ፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥ እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። በራሱ ወይም እርሱ በሚጠየቅበት ሰው ጥፋት የመጣ ካልሆነ በቀር፥ የቤት እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በማስረከብ ከዕዳው ነጻ ሊሆን ይችላል። ይህም ከፍ ብለን ያነሣነው የሮማውያን ሕግ ነው። መሬቱ የተጎዳበት ሰውም የሰውን እንስሳ ለካሣው መያዣ ሊይዝ ይችላል፤ ሳይዘገይ ግን ለባለቤቱ ማስታወቅ አለበት። መግደል የሚፈቀድለት ሁኔታው የሚያስገድድ ሲሆን ነው።

ከዚህም በላይ ቁጥር 1225 ባለ ሀብት በጢስ፥ በመጥፎ ሽታ፥ በጩኸትና በመሳሰለው ከመልካም ጉርብትና ልክ አልፎ ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ልኩን ለመወሰንም የአገሩ ልማድና የስፍራው ሁኔታ እንዲታይ ያዛል። እንግዲህ በዲላ ዳር ባለ የእንሰት ጓሮ የአንዲት ላም ሽታና በገበያው መካከል ባለ ጠባብ ግቢ የአሥር በግ ሽታ በሕጉ ፊት አንድ አይደሉም።

ሕጉ በኑሮ ምን እንደሚመስል ለማሳየት ያየነውን እንናገር። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» እንደሚባለው፥ ከላይ የጠቀስናት እናት ዶሮ አንድ ቀን አጥር ሾልካ የጎረቤትን የጎመን ፈል ጫረች። ጎረቤትየው ተቆጥቶ በድንጋይ ገደላት። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቡና ተፈልቶ ተቀመጡና፥ እርሷ የፈሉን ዋጋ እንድትከፍል፥ እርሱም አባርሮ ወይም ይዞ ሊነግራት ሲችል ስለ ገደለ የዶሮዋን ዋጋ እንዲከፍል ፈረዱ። የዶሮዋ ዋጋ ከፈሉ ስለ በለጠ ልዩነቱ ለእናት ተሰጠ፤ አጥሩንም ሁለቱ አብረው ደፈኑት። ከሽማግሌዎቹ አንዱም የሕጉን መጽሐፍ አላነበበም። ፍርዱ ግን ከመጽሐፉ አንድ ጣት አልራቀም።

6. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት፥ በሐምሌ ወር የወጣው ቁጥር 47 አዋጅ ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ። ለጌዴኦ ገበሬ የመጀመሪያው አዋጅ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሕዝቡ በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ ከባለ መሬቶች ጋር ደም የተፋሰሰበት የቡናና የመሬት ጥያቄ መልስ አግኝቷልና። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው። በእርሱ መሠረት ለአንድ ቤተ ሰብ መኖሪያ የሚሰጠው የከተማ ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፥ ማለት ቀበሌ፥ ተቋቋመ፤ የፍርድ ሸንጎውም የጎረቤት ክርክር የሚሰማበት ስፍራ ሆነ።

ቦታው ሲጠብ እንስሳው ወደ አጥር ይቀርባል፤ አጥሩም የሁለት ሰው ነው። የሕዝቡም ቁጥር ሲጨምር፥ ቀድሞ በጓሮ ስፋት ይፈታ የነበረው ችግር በደንብ ብቻ የሚፈታ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 200 የኅብረተሰብ ጤና አዋጅና በ1999 ዓ.ም. የወጣው ቁጥር 513 የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ የጽዳቱን ወገን አጠነከሩ። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ወደ አፍሪካ በገባ ጊዜም፥ በጓሮ የሚዞር ዶሮ የዓለም ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል ሰው ሁሉ አወቀ። በእኛ አገር ግን ዶሮ የሚያረባ ቤት ሁሉ የሚያውቀው ጠላት ፈንግል ነው፤ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላው ተሻግሮ በአንድ ሳምንት ቆጡን ባዶ ያስቀራል።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት የሌማት ትሩፋት የሚል መርሐ ግብር አውጥቶ የወተት፥ የእንቁላል፥ የዶሮ ሥጋና የማር ምርት በከተማም በገጠርም እንዲበዛ አነሣሣ። በዚህ ምክንያት ማዘጋጃ ቤት ከመንገድ ሊያርቃት ይፈልግ የነበረችው ዶሮ በክብር ወደ ግቢ ተጋበዘች። ሆኖም ግብዣው የአያያዝ ደንብ ካልተከተለው፥ የበዛው እንቁላል ብቻ ሳይሆን የጎረቤት ጠብም ነው።

7. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ያየነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራናል። በጌዴኦ አገር የቆየው ደንብ፥ በኦሪትና በሮማውያን ሕግ የተጻፈው፥ በፍትሐ ብሔርም የታወጀው «አኑር፥ ነገር ግን ጠብቅ፤ ያጠፋውንም ካስ» የሚል ነው። «አታኑር» የሚለው አሳብ ከከተማ መጨናነቅ ጋር የመጣ ነው፤ ምክንያት አለው፥ ግን ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ በዲላና በመሰሏት ከተሞች የሚወጣ ደንብ ሁለቱን ቢያጋባቸው መልካም ነው እንላለን። ዶሮ በቆጥና በታጠረ ስፍራ ይዋል፤ ከብት ይታሰር፤ በረት ከውሃ ጉድጓድና ከጎረቤት ግድግዳ ይራቅ፤ እዳሪው ተሰብስቦ ፍግ ይሁን፤ የፈንግል ክትባት ለሰፈር ሁሉ በአንድ ቀን ይሰጥ፤ ክርክርም ሲነሣ አስቀድሞ በሰፈር ሽማግሌዎች ፊት ይታይ። የእንስሳቱም ብዛት ለሁሉም በአንድ ቁጥር ከሚወሰን ይልቅ በግቢው ስፋት ቢለካ ከልማዱም ከሕጉም ጋር ይስማማል።

በመጨረሻ ለትምህርት ጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። የአዋጁ ቃል በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ይኖራል። የሶንጎ ፍርድ ግን ያለው በሽማግሌዎች አፍ ነው። በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችን ስንመለስ ስለ ጦርነትና ስለ ሹመት እንደምንጠይቃቸው ሁሉ፥ ስለ ታሰረ ፍየልና አጥር ስለ ሾለከች ዶሮም ጠይቀን ብንጽፍ፥ ነገ ደንብ የሚያወጣ ሰው የሚያነበው አያጣም።